ከኮርቻው ሥር ያልጮኸው ቦታ

ደንቆሮ አይደለሁም። ደንቆሮ ነሽ ብሎ የጻፈልኝ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፣ አንቺም አላልሽኝም፣ ብቻ ከሁሉ በፊት ይኼ ይታወቅልኝ። የግራ ጆሮዬ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ቀኙ የጎረቤት ማንቆርቆሪያ ሲፈላ ይሰማል። ያን ቀንም ብስክሌቱ ዷ ሲል ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት። ጥፋቴ እሱ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም።

እንግዲህ ልጄ ሮዝሊን፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ክርክር የጀመርኩብሽ ልቤ ቦታው ላይ ስላልሆነ ነው፣ አትቀየሚኝ። እንደምን ከርመሻል? ያ ቀይ አቧራ እንዴት አደረገሽ? ሳልሽስ ለቀቀሽ ወይ? ቤት የሚያህለውን የማዕድን መኪና ቀኑን ሙሉ ስትነጂ ወገብሽ እንዴት እየሆነልሽ ነው? አትክልት ትበያለሽ ወይስ አሁንም ካምፑ የሚሰጣችሁን ጥብስ ብቻ ነው? ሰውዬሽ ዋረንስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል እንጂ ይከፈታል ይዘጋል። ማንጎው አብቧል፤ ቦወን ከዳር እስከ ዳር ማር ማር ይሸታል፣ ንቡ በወጥ ቤቴ መስኮት ገብቶ አላስቀምጥ ብሎኛል። ልጅሽ ብሪዮኒም ደህና ናት ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፣ ብዕሩ እምቢ አለኝ። ጠዋት ደህና ነበረች። አሁን ግን አላውቅም።

ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ልጅሽ ሰባት ሰዓት ላይ በብስክሌት ወጥታ ስምንት ላይ እመለሳለሁ ብላ ነበር። ስልኳ እዚህ ዳቦ ማስቀመጫው ጎን ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፣ በየደቂቃው ብልጭ እያለ ያሾፍብኛል። ብስክሌት የሚጠግነው ዴስ በመኪናው ሊፈልጋት ወጥቷል። እኔም ልሂድ ብለው፣ “አንቺ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ፣ ብትመለስ ሰው ማግኘት አለባት” አለኝ። ያንቺን ስልክ ሞከርኩ፣ መኪናው ላይ ስትሆኚ እንደማይፈቀድላችሁ ረስቼው። የታጠበውን ሳህን ደግሜ አጠብኩ። ሌላ የሚታጠብ ነገር ስላጣሁ ቁጭ ብዬ ይኸው እጽፍልሻለሁ። ደግሞ በስልክ ብነግርሽ ትጮኺያለሽ፣ እኔም መልሼ እጮኻለሁ፣ መሀል ላይ ነገሩ ይጠፋል። ወረቀት ላይ እስክጨርስ ድረስ ማንም አያቋርጠኝም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ልጅሽ ትምህርት ከጨረሰች ጀምሮ ምን እንደነበረች አንቺም ታውቂያለሽ። ቲማቲም ማሸጊያው ውላ ትመጣለች፣ ሶፋው ላይ ትዘረጋለች፣ ምን ላድርግልሽ ሲሏት “ምንም” ነው መልሷ። ዓመት ሙሉ ምንም። ከዚያ በሜይ ወር አንድ ቅዳሜ ጸጉሯ በባሕር ውኃ ረጥቦ፣ ጉንጯ ቀልቶ መጣችና “እማማ፣ ትሪያትሎን ልወዳደር ነው” አለችኝ። ምንድነው እሱ ስላት፣ መዋኘት፣ ከዚያ ብስክሌት መንዳት፣ ከዚያ መሮጥ፣ ሦስቱንም በአንድ ጠዋት ሳያርፉ፣ አለች። “ከሦስቱ አንዱን አድርጎ ቁርስ መብላት አይቻልም?” ብያት ሳቀች። ሮዝሊን፣ ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

መዋኘቱ እንኳ ችግር የለውም፣ እንደ ዓሣ ናት። መሮጡም ይሁን። ብስክሌት ግን አልነበራትም። መጀመሪያ የኔን የገበያ ብስክሌት ወሰደች፣ ያችኑ ከፊት ቅርጫት ያላትን። የክለቡ ሰዎች “ብሪዮኒ፣ ስትመለሺ ወተት ይዘሽልን ነይ” እያሉ ይቀልዱባታል፣ እሷም ቅርጫቱን አልፈታም ብላ አንድ ወር ነዳችው። ዴስን ታስታውሺዋለሽ መቼም፣ የባቡር መካኒክ የነበረው፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የክለቡን ብስክሌት ሁሉ እሱ ነው የሚፈትሸው። ያ ሰውዬ አንድ ማታ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ይመክራት ጀመር። “ስሚ የኔ ልጅ፣ የመጀመሪያ ብስክሌት እንደ መጀመሪያ ባል ነው። ማማሩን አይተሽ ትወስጂዋለሽ፣ ወገብሽን ሲያምሽ ነው የሚገባሽ” አላት። እኔም “ያንተዋ ሚስት ወገቧን አሟት ነበር?” ብለው፣ “አርባ ዓመት ሙሉ ነግራኛለች” አለ።

ምክሩ ግን የእውነት ምክር ነበር። መጀመሪያ ልክሽን እይ፣ አለ፤ ጫማ ርካሽ ነው ተብሎ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ አይገዛም። ያለሽን ሁሉ ብስክሌቱ ላይ አትጨርሺ፤ የራስ መከላከያ ቆብ አለ፣ ጫማ አለ፣ ጎማ ይፈነዳል። እነዚያ መሪያቸው ላይ ክንድ አሳርፈው ተኝተው የሚነዷቸው ቀጫጭኖቹ ደግሞ ለፈረስ ጋላቢ እንጂ ለጀማሪ አይደሉም፤ ቀጥ ብለሽ መንዳት ልመጂ መጀመሪያ። እሱ ያየላት አንድ አለ፣ ኩዊንስ ቢች ያለ የአንድ አስተማሪ፣ አረንጓዴ፣ አልሙኒየም፣ ልኳ የሆነ፣ ዋጋውም እሷ ከቆጠበችው ግማሽ የማይሞላ። ክንድ ማሳረፊያውን ኋላ ላይ እኔ እገጥምልሻለሁ፣ አላት። ልጅሽ ፎቶውን አይታ “ዴስ፣ ይኼ እንቁራሪት ነው” አለችው። “እንቁራሪት ወድቃ ስትሰበር አይተሽ ታውቂያለሽ?” አላት። እሷ ግን ሰምታው አልሰማችውም፤ ስልኳ ላይ ሌላ አግኝታለች።

ኤርሊ ቢች ነው ያለው። ጥቁር፣ እንደ ተርብ ወገቡ የቀጠነ፣ ካርቦን የሚሉት። የአዲሱ ዋጋ መኪና ይገዛል፣ ይኼኛው ግን እሷ ባላት ገንዘብ ትንሽ ለጎማ ተርፎ ይመጣል። ለምንድነው ታዲያ እንዲህ የረከሰው ስላት፣ “ሰውዬው ቶሎ መሸጥ ስለፈለገ ነዋ” አለች። ቶሎ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ነገር አለ፣ ብያታለሁ። እዚህ ድረስ ምላሴ ይሠራ ነበር። እንዲያውም አብዝቼው ነበር መሰለኝ። ቀለሙ አይታይም መኪና ይገጭሻል፣ ኮርቻው ምላጭ ነው፣ ባሕሩ አዞ አለበት፣ ያልኳት ብዛቱ። መንገድ ላይ መኪናዬ ውስጥ፣ “እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እዚያ ስንደርስ አስተያየት አትስጪ። ዛሬ አንድ ቀን ብቻ” አለችኝ። እሺ አልኩ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኔ እሺ ማለት አስተያየት ከመስጠት ይልቅ ያደክመኛል።

ሻጩ ልጅ መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቶ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎታል፣ ጠርጎ ወልውሎታል፣ ያበራል። “የወደቀው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ሣር ላይ” አለ። ማን ጠየቀው? ብሪዮኒ ወጣችበት። ሮዝሊን፣ የዚያን ጊዜ ፊቷን ብታዪው። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከባሕሩ ዳር የባሕር ኤሊ ያገኘች ጊዜ የነበረው ፊት ነው። እኔ ደግሞ እጄ ሥራ ፈትቶ መቆም አይሆንለትም። በቤተ ክርስቲያናችን የሰልባጅ ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ፣ አንድ ስኒ በጥፍሬ መታ ሳላደርግ ሸጬ አላውቅም። ደህናው ስኒ ኪን ይላል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ዷ ይላል፣ ዓይን ባያየውም። እንግዲህ ከቦርሳዬ የሁለት ዶላር ሳንቲም አወጣሁና፣ እነሱ ስለ ማርሹ ሲያወሩ የብስክሌቱን አጥንት ከፊት ጀምሬ መታ መታ አደረግኩ። ኪን፣ ኪን፣ ኪን። ጎኑም ኪን። ከኮርቻው ሥር፣ ሁለቱ ቱቦዎች የሚጋጠሙበት ጋ፣ የሻርክ ሥዕል ያለበት ወረቀት የተለጠፈበት ቦታ፣ ዷ። ደገምኩት። ዷ። ቀኝ ጆሮዬን አዙሬ ደገምኩት። ዷ።

“እዚህ ጋ ድምፁ ልክ አይደለም” አልኩ። ይኼን ያህል ብቻ። ልጁ ሳቀብኝ። “ማዘር፣ ብስክሌት ነው እንጂ የሻይ ስኒ አይደለም እኮ። ጆሮሽ ይሆናል” አለኝ። ብሪዮኒም ሳቀች። “የግራ ጆሮዋ ትንሽ እምቢ ብሏታል፣ አትቀየማት” አለችው፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ እንደ ዕቃ። ያ ሳቅ እዚህ ደረቴ ላይ ገባ። ሳንቲሜን ቦርሳዬ ከተትኩና፣ “እሺ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ የኔ ጆሮ ይሆናል” ብዬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ልጁ ደግሞ ከማካይ የሚመጣ ሌላ ገዢ አለኝ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይደርሳል ብሏታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ግን ማን ይስማ፤ ገንዘቡን ሰጥታው ብስክሌቱን ጫነችው። እስከ ቤታችን እየዘፈነች መጣች። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ደክሞኝ መስሏታል።

ለምን ዝም እንዳልኩ ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ። አንዱ አንቺ ነሽ። ከዋረን ጋር ወደዚያ ወደ ቀዩ አገር ልትሄጂ ዕቃሽን ስትጭኚ ምን እንዳልኩሽ አልረሳሁትም፣ አንቺም አልረሳሽውም። ይኼ ሰው አንድ ክረምት አይቆይልሽም አልኩሽ፣ ሰው ፊት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በሚቀጥለው ቀን ብደውልልሽ አላነሳሽም፣ እስከ ገና አላነሳሽም። እና መኪናው ውስጥ ለራሴ፣ ኮራል፣ ይኼ ምላስሽ አንዷን ልጅ ሰድዷል፣ ሁለተኛዋን እንዳይሰድድ ያዢው አልኩ። ጥሩ ምክንያት ይመስላል አይደል? ውሸት ነው። አኩርፌ ነበር። የሳቁብኝ ሰዎች ጆሮዬ ልክ እንደነበር ራሳቸው ይድረሱበት ብዬ ነው። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ በልጅ ልጄ አጥንት አኩርፌ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አምቡላንስ ጮኸ። ቆሜ ሰማሁት። በኮረብታው በኩል መስሎኝ ነበር፣ አይደለም፣ ወደ ወደቡ ነው የሄደው። ወደ ወደቡ መሰለኝ።

እቀጥላለሁ፣ ካቆምኩ አልችልም። ሦስት ሳምንት ነዳችው። ምንም አልሆነም። ጠዋት ትወጣለች፣ ላብ በላብ ሆና ትመለሳለች፣ ብስክሌቱን ኮሪደሩ ላይ አስደግፋ ገላዋን ልትታጠብ ትገባለች። እኔ ውኃው መፍሰስ ሲጀምር ሳንቲሜን ይዤ እሄዳለሁ። ዷ። በየቀኑ። ባለፈው ሳምንት ዷ የሚለው ቦታ የሰፋ መሰለኝ፤ መጀመሪያ አውራ ጣት የሚያህል ነበር፣ አሁን መዳፍ ይሞላል። ጆሮዬ ነው አልኩ። ሲፈልገኝ ጆሮዬን አምናለሁ፣ ሲፈልገኝ እክዳለሁ። ደግሞ ሌላ ተንኮል አሰብኩ። ውድድሩ ነገ እሑድ ነው፤ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ብስክሌቱን ወደ ክለቡ ያመጣል፣ ዴስ ፍሬኑን፣ የመሪውን ጫፍ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ይፈትሻል። እሱ ያገኘዋል፣ ክፉዋ እኔ አልሆንም፣ እሱ ይንገራት ብዬ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፣ የኔው ይኸው ሦስት ሳምንት ነቀዘ።

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ነበርኩ። አንዲት ሴትዮ ስድስት ስኒ ከነማስቀመጫው አንስታ መጣች። በጥፍሬ መታ መታ ሳደርግ አንዱ ዷ አለኝ። “ይኼን አልሸጥልሽም፣ ተሰንጥቋል” አልኳት። “ኧረ አንድ ዶላር እኮ ነው፣ ምንም አይታይበትም” አለች። እኔም አፌ እንደለመደው፣ “አሁን አይታይም። የፈላ ሻይ ቀድተሽበት ጭንሽ ላይ ሲፈርስ ግን ይታያል” አልኳት። የተናገርኩትን ራሴ ሰማሁት። ሴትዮዋ ታየኛለች። የተለገሰ የብስክሌት ራስ ቆብ እንኳ ሱቃችን ሲመጣ አንሸጠውም፣ ውስጡ ምን እንደሆነ አይታወቅም ብለን በመዶሻ ሰብረን ነው የምንጥለው፤ ሕጉን ለአዳዲሶቹ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሽርጤን ሳላወልቅ ሱቁን ለሴትዮዋ ትቼ ወጣሁ። ምን እንደሰረቀች ሰኞ እናያለን።

ቤት ስደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ትታለች፦ “እማማ፣ ሰባት ሰዓት ነው፣ እግሬን ላፍታታ ፍላግስታፍ ኮረብታ ደርሼ ልምጣ። ስምንት ላይ። ፓስታው ይብዛ።” ያን ኮረብታ ታውቂዋለሽ፣ ስትወጪው ትንፋሽ ያሳጣል፣ ስትወርጂው እንደ ድንጋይ ነው የሚጥልሽ፣ መጨረሻው ላይ መንገዱ ይታጠፋል፣ ከማጠፊያው በኋላ ገደልና ባሕር ነው። አንቺም እዚያ ጉልበትሽን ልጠሽበታል።

ለዴስ ደወልኩ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ከዚያ “የት ጋ ነው ዷ የሚለው?” አለ። ከኮርቻው ሥር አልኩት። “ከመቼ ጀምሮ?” የተገዛ ቀን ጀምሮ አልኩ። “አንቺ ሴትዮ፣ ስለ ድንች ዋጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ታወሪኛለሽ፣ ይኼን ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጀብሽ?” አለኝ። አልሙኒየም ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ያሳይሻል፣ አለ፤ ካርቦን ግን ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቅና ላዩ ፈገግ ይላል፤ ሜዳ ላይ ወር ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን ሲያዝበት፣ እንደ ደረቅ አጥንት አንዴ ነው። ይኼን ያለኝ ሊያስፈራራኝ አይደለም፣ ቁልፉን እየፈለገ ለራሱ እያወራ ነው። ኮረብታው አናት ድረስ ሄዶ አጣት። ማጠፊያው ጋ ወርዶ በእግሩ ገደሉን አየ። ይኼን ሲነግረኝ ዓይኑን አላነሳም። ስምንት ከሩብ ላይ መጥቶ፣ በሌላኛው መንገድ በሆርስሹ ቤይ በኩል ልሞክር ብሎ እንደገና ወጣ። እስካሁን ነው።

እሱ ከወጣ በኋላ ያደረግኩት ነገር አለ፣ አትሳቂብኝ። ለዚያ አስተማሪ ደወልኩ። አረንጓዴው ብስክሌት አልተሸጠም። ለኔ ያዘው፣ ለማንም እንዳትሸጥብኝ አልኩት። “ለማን ነው?” አለኝ። ለልጅ ልጄ ነው አልኩት። “መቼ ነው የምትፈልገው?” ሲለኝ፣ ነገ ጠዋት ልል ብዬ ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። ሰውዬው ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ በሩ ክፍት ነው፣ በፈለግሽ ሰዓት ነይ አለኝ። ገንዘብ እንዳትልኪ፣ የምከፍለው እኔ ነኝ። የሦስት ሳምንት ዝምታዬን ቅጣት እኔው ልክፈል።

ሮዝሊን፣ አንድ ነገር እወቂ። በእግሯ ብትመለስ እነግራታለሁ። ሰምቼ ነበር፣ ስትስቂብኝ አኩርፌ ነው ዝም ያልኩት እላታለሁ፣ ፊት ለፊት፣ ካፏ የሚወጣውን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገም አትወዳደሪበትም ካልኳት ትጠላኛለች፣ ትጥላኝ። የሚጠላ ልጅ በሕይወት ያለ ልጅ ነው። በእግሯ ካልተመለሰች ግን ይኼን ደብዳቤ ማን አንብቦልሽ፣ እኔ በየትኛው ዓይኔ አይቼሽ። እዚህ ላይ ልለፈው።

ለዘጠኝ ተኩል አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ፓስታውን ጥጄዋለሁ። ይብዛ ብላለች፣ አብዝቼዋለሁ፣ ለስድስት ሰው ይበቃል። ውኃው ሲፈላ የድስቱ ክዳን ይንቀጠቀጣል።

እስከዚያው ሰላምታዬን ልጨርስ፣ እጄ እንዳይቆም። ለዋረን ሰላም በይልኝ። አንድ ክረምት አይቆይም ብዬው ነበር፣ ይኸው አራት ክረምት ቆየ፣ እንዲያውም በፖስታ የላከልኝ የጉልበት ቅባት ነው የሚያስኬደኝ፤ ተሳስቻለሁ ብላለች በይው፣ እናትሽ ይኼን ቃል በጽሑፍ ሰጥታለች በይው። የሱ ልጅ ፓይፐር ጥርሷ በቀለ ወይ? የሳልኩላትን የዶሮ ሥዕል ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች ስትዪኝ ደስ ብሎኛል፣ ሳሚልኝ። ያንን ጫማ የሚበላውን ውሻችሁንም ጆሮውን እሺልኝ። አጠገብሽ ላለችው ለፊጂዋ ሴትዮ፣ ለዚያች ካሳቫ ላበላችሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። አንቺን ግን ሰላም አልልሽም፣ መጥተሽ አንገቴን አቅፈሽ ራስሽ ሰላም በይኝ። አራት ዓመት በስልክ ይበቃል። ነይ።

እናትሽ ኮራል
ቦወን፣ ኩዊንስላንድ
ቅዳሜ፣ ኦገስት 23 ቀን

ቆይ። ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር አለ። የብስክሌት ጫማዋ ነው፣ ከሥሩ ጠንካራ ነገር አለው፣ ስትራመድበት እንደ ፍየል ኮቴ ነው የሚጮኸው። የጎማ ድምፅ የለም። በቀኝ ጆሮዬ ነው የምሰማው። ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ቀጭ ቀጭ፤ ከባድ ነገር የተሸከመ ሰው ነው። በሩን በክርኗ እየመታች ነው። “እማማ፣ ክፈቺ እንጂ፣ ይኼን ጉድ ተሸክሜ ከኮረብታው አናት በእግሬ ነው በባሕሩ ዳር የመጣሁት። ልወርድ ስል ሲንቋቋ ሰማሁት፣ በጥፍሬ መታ ባደርገው ዷ አለኝ። አሁንማ እውነትም ደንቆሮ ሆነሻል እንዴ?” ትላለች።

ሰምቻለሁ። መጣሁ።